ልጅቷን እስከ ኢንጂነሪንግ ማድረስ፦ ለጎጃም ወላጆች፣ መምህራንና ታላላቅ እህት ወንድሞች

በእኛ አገር ሴት ልጅ ደረጃ ስትወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ይመርቃታል። «ዶክተር ያድርግሽ» ይሏታል። «ኢንጂነር ያድርግሽ» ሲባል ግን እምብዛም አልሰማሁም። ምርቃቱ ሲያበቃ ደግሞ ልጅቷ ጀሪካኗን አንስታ ውሃ ትወርዳለች፤ ወንድሟ ደብተሩን ይገልጣል።

የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ብዙ ሰው ሴት ተማሪዎች ከኢንጂነሪንግ የሚቀሩት በ12ኛ ክፍል ፈተና ይመስለዋል። የሚቀሩት ከዚያ በፊት ነው። አንዷ በማታ ሥራ ብዛት ትቀራለች፣ አንዷ በጥር ሠርግ፣ አንዷ በከተማ ቤት ኪራይ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ከጠረጴዛው ዳር ቆማ የቀረችውም ብዙ ናት። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ስለ ምክርና ስለ ጭብጨባ አይደለም። ሰዓት ስለ ማስለቀቅ፣ ዕቃ ስለ ማስነካት፣ በከባዶቹ ወራት ከጎኗ ስለ መገኘት ነው።

ከሴቶቹ ጋር አብረው ወደ ዳር የሚገፉ ሌሎች ልጆችም አሉ። የሸማኔ፣ የቀጥቃጭና የሸክላ ሠሪ ልጆች፣ የነገደ ወይጦ ልጆች፣ አፋቸውን በአዊኛ ወይም በጉሙዝኛ የፈቱ፣ አካል ጉዳተኞች። ለእነሱ ራሱን የቻለ እርምጃ አለ፤ ሌላው ሁሉ ግን ለእነሱም ይሠራል።

1ኛ እርምጃ፦ ሥራውን በዓይኗ አሳዩዋት

ሐኪም ምን እንደሚሠራ ልጆች ያውቃሉ፤ ታመው ሄደው አይተውታል። መምህርን በየቀኑ ያዩታል። ኢንጂነር ግን ለብዙዎቹ ሄልሜት አድርጎ በመኪና የሚያልፍ ሰው ነው። ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ባለው ጊዜ ሥራው ወደሚታይበት ቦታ ውሰዷት። ጎጃም ለዚህ የታደለ አገር ነው።

ባሕር ዳር ዙሪያ ያላችሁ ጢስ ዓባይ አለላችሁ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የመብራት ጣቢያ አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነው። ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ነው፤ የጣናን ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ይጥለዋል። ህዳሴ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት። ሦስቱን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጻፉና «ልዩነቱ ከየት መጣ?» በሏት። ከዚያ አብራችሁ አስሉ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። በየሰከንዱ ያን ያህል ውሃ ከ100 ሜትር ከፍታ ቢወርድ 1,000 በ9.8 በ100 ነው፤ 980,000 ዋት፣ ማለትም ወደ አንድ ሜጋ ዋት ይጠጋል። ይህን ማባዛት የ9ኛ ክፍል ልጅ ትችለዋለች። የውሃው ብዛትና የከፍታው ልዩነት ጉልበት እንደሚሆን አንዴ በራሷ እጅ ካሰላችው፣ ፏፏቴውን ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አታየውም።

መራዊ አካባቢ ያላችሁ ቆጋን አሳዩዋት፤ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ግድብና ቦይ ነው። ደጀን ያላችሁ ዓባይ በረሃ ውረዱ። አሮጌው ድልድይና በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ ጎን ለጎን ቆመዋል። አሮጌውን የተሸከመው ከታች ያለው ቅስት ነው፤ አዲሱን ከላይ ገመድ ይዞታል። አንድ ገደል፣ ሁለት መልስ። ሞጣ ያላችሁ ደግሞ ሰባራ ድልድይን ታውቃላችሁ። በጣልያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ፈርሶ ሰው ለብዙ ዓመት በገመድ እየተጎተተ ይሻገርበት ነበር። ድልድይ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

ጉብኝቱ ሽርሽር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ሦስት ጥያቄ አስይዟት። ይህ ባይኖር ሰዉ ምን ያደርግ ነበር? ክብደቱን የተሸከመው የቱ ጋ ነው? ሲበላሽ ማን፣ እንዴት ይጠግነዋል? መልሱን ሥዕል ጨምራ በደብተሯ ትጻፈው።

ከዚያ ሴት ኢንጂነር ፈልጉ። የወረዳው መንገድ፣ ውሃ፣ መብራት ወይም ቴሌ ቢሮ ውስጥ ጠይቁ። ስትመጣ ንግግር እንድታደርግ አትጠይቋት። የምትሠራበትን ፕላን ይዛ ትምጣ፤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ መስመሩ ምን እንደሆነ፣ የት ላይ እንደከበዳት ታሳይ። ልጆቹ የሚያስታውሱት ያንን ወረቀት ነው።

የሚጠራ ስምም አለን። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የፍኖተ ሰላም ልጅ ናቸው። ሙያቸው ኢንጂነሪንግ ሳይሆን የዕፅዋት በሽታ ምርምር ነው፤ ናይሮቢ የሚገኘውን ትልቅ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሬያልና የዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተቀብለዋል። ፍኖተ ሰላም ላይ ቁጭ ብላ ለምታጠና ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከአፋር የወጡት ኢንጂነር አይሻ መሐመድ ደግሞ ሲቪል ኢንጂነር ናቸው፤ በ2011 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ተሹመዋል።

2ኛ እርምጃ፦ ሰዓቷን ቁጠሩ

ይህኛው ለወላጅ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ከተመለሰች በኋላ የምትሠራውን ጻፉ። ውሃ መቅዳት፣ እንጨት፣ ሊጥ ማቡካት፣ እንጀራ መጋገር፣ ቡና ማፍላት፣ ታናናሾችን ማጠብ። ከጎኑ የወንድሟን ጻፉ። ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጡና እናትም አባትም ባሉበት አንብቡት። ከዚህ በላይ ክርክር አያስፈልግም።

ከዚያ በማታ አንድ ሰዓት ተኩል የሷ ይሁን። ሰዓቱ ይታወቅ፤ ለምሳሌ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ተኩል። በዚያ ሰዓት እንግዳ ቢመጣ ቡናውን ሌላ ሰው ያፈላል። ውሃውን ወንድሟ በሳምንት ሦስት ቀን ይቅዳ። መጀመሪያ ላይ ያጉረመርማል፤ ይለምደዋል። መብራት በሌለበት ቤት አንዲት ትንሽ የሶላር ፋኖስ ለዚህ ሰዓት ብቻ ተጠብቃ ትቆይ፤ ቀን ቀን ስልክ ቻርጅ እየተደረገባት ማታ ባዶ እንዳትሆን።

እናቶች «እኔ ብቻዬን አልችለውም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። የቤቱ ሥራ በእናትየዋ ላይ ተደርቦ የልጅቷ ጥናት የሚገኝ ከሆነ አይዘልቅም። ጫናው ወደ ወንዶቹ ካልተሻገረ በሁለት ወር ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

3ኛ እርምጃ፦ እጇ ዕቃ ይንካ

ክፍል ውስጥ ዘወትር የማየውን ልንገራችሁ። ለአምስት ተማሪ አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት ትናንሽ የእጅ ባትሪ አምፖሎችና ጥቂት ሽቦ እሰጣለሁ። ወዲያው ሽቦው ወንዶቹ እጅ ይገባል። ሴቶቹ እስክሪብቶና ደብተር ይይዛሉ። አጻጻፋቸው ያምራል፤ ሰንጠረዡን በማስመሪያ ያሰምሩታል። አምፖሉን ግን አልነኩትም። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወንዶቹ «ሠራነው» ይላሉ፤ ሴቶቹ «ጻፍነው» ይላሉ። በዓመት ውስጥ ይህ ሲደጋገም አንዱ ወገን «እጄ ይህን ይችላል» ብሎ ያድጋል፤ ሌላው አያድግም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ መምህሩ ሥራውን ራሱ ያከፋፍል። በመጀመሪያው ሙከራ ሴቷ ታገናኛለች፣ ወንዱ ይጽፋል። በሁለተኛው ይቀያየራሉ። ሽቦ ከሰው እጅ መንጠቅ ክልክል ነው። አምፖሉ አልበራ ካላት መልሱን አትንገሯት። ከድንጋዩ ጀምራ ሽቦውን በጣቷ እየተከተለች የት ጋ እንደተቋረጠ ትፈልግ። ይህ ፍለጋ ራሱ ኢንጂነሪንግ ነው።

ሁለቱን አምፖሎች አከታትላ ስታገናኛቸው ሁለቱም ይደበዝዛሉ፤ አንዱን ስትነቅል ሌላውም ይጠፋል። ጎን ለጎን ስታገናኛቸው ሁለቱም ደመቅ ይላሉ፤ አንዱ ቢነቀል ሌላው መብራቱን ይቀጥላል። ይኼኔ ጠይቋት፦ «እናንተ ቤት የሳሎኑ አምፖል ሲቃጠል ጓዳው ይጨልማል?» ትንሽ ታስብና «አይጨልምም!» ትላለች። የቤቷ መብራት እንዴት እንደተዘረጋ ማንም ሳይነግራት ደረሰችበት። ፊቷ ላይ የሚታየውን ነገር ለማየት ብላችሁ ብቻ እንኳ ሞክሩት። አደራ፣ ሙከራው ሁሉ በባትሪ ድንጋይ ይሁን፤ የግድግዳ መብራት አይነካም።

ቤትም እንዲሁ። ወንድ ልጅ የተበላሸ ሬዲዮ ሲፈታ «ይህ ልጅ መካኒክ ነው» እንላለን። ሴቷ ስትፈታ «አበላሸሽው!» ብለን እንቆጣለን። የተጣለ ሬዲዮ፣ የሞተ የእጅ ባትሪ፣ ሰንሰለቷ የወለቀ ሳይክል ካለ ለሷ ስጧት። ፒንሳና ካቻቢቴ መያዝ ትልመድ። ጭስ የሚቀንስ ምድጃ ካላችሁ ደግሞ በድሮው ምድጃና በሱ እኩል ቁጥር እንጀራ ጋግራችሁ የፈጀውን እንጨት ትመዝን። ልዩነቱን ስታይ ለምን እንደሆነ መጠየቋ አይቀርም።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የኢንጂነሪንግና የሂሳብ) ማዕከል አለው። ሌላ ቦታ ያላችሁም በአቅራቢያችሁ ያለውን ዩኒቨርሲቲ፣ ደብረ ማርቆስንም እንጅባራንም፣ በክረምት ለተማሪዎች ምን እንደሚሰጥ ጠይቁ። ዝርዝር ሲላክ የትምህርት ቤታችሁን ርዕሰ መምህር «ስንቷ ሴት ናት?» በሉት። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ወላጅ ሲኖር ዝርዝሩ ይለወጣል።

4ኛ እርምጃ፦ ሂሳቡን ከሥሩ ያዙ

የኢንጂነሪንግ በር ሂሳብ ነው። «ፊዚክስ ከበደኝ» የምትለኝን ልጅ ቁጭ አድርጌ ስፈትሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ የከበዳት ክፍልፋይና አልጀብራ ሆኖ አገኘዋለሁ። ፊዚክሱ ከዚያ በላይ የተቀመጠ ነው።

መጀመሪያ ፈትሹ። ሦስት አራተኛ ሲቀነስ ሁለት ሦስተኛ ስንት ነው? ከኔጌቲቭ 5 ላይ ኔጌቲቭ 8 ሲቀነስ? ኤክስ ላይ 3 ቀንሰን በ2 ስናባዛው 10 ከሆነ ኤክስ ስንት ነው? በ2 ሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሄደ አውቶቡስ በዚያው ፍጥነት ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በ3 ሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? የዚህን አውቶቡስ ጉዞ በግራፍ ሣይ። የተሳሳተችበትን ቦታ እዩና ወደ 7ኛ ወይም 8ኛ ክፍል መጽሐፍ ተመለሱ። የ10ኛ ክፍል ልጅ የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ መግለጥ ሊያሳፍራት ይችላል። ቤት ውስጥ ይሁን፣ ማንም አይይ። ሦስት ወር በሳምንት አራት ቀን ከሠራች ክፍተቱ ይደፈናል።

ከዚያ የጥናት ቡድን አቋቁሙላት። አራት ወይም አምስት ሴቶች፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ። በየሳምንቱ አንዷ ሰሌዳ ላይ ወጥታ አንድ ጥያቄ ለሌሎቹ ትሥራ። ወንድ በሞላበት ክፍል እጇን የማታወጣ ልጅ እዚህ ትለማመዳለች። በኋላ እዚያም እጇን ታወጣለች።

ስልክ ካለ ሥራ ላይ ይዋል። የመማሪያ መጻሕፍቱ በፒዲኤፍ ይገኛሉ። ፌት (PhET) የሚባለው፣ የሳይንስ ሙከራን ስክሪን ላይ የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም አንዴ ዳውንሎድ ከተደረገ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነው። ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርዳችሁ በሚሞሪ ካርድ አካፍሉ። ኮምፒውተር ለምትወድ ልጅ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ሥልጠና በነፃ ነው፤ ስትጨርስ ሰርተፊኬት ታገኛለች።

በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ የከረመባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። እነሱን ያመለጣቸው ክፍል ላይ ዝም ብሎ ማሳለፍ በኋላ ይጥላቸዋል። መንደር ውስጥ የተቀመጠ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም ተመራቂ ካለ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሂሳብ ብቻ እንዲያሳያቸው ለምኑት። ሌላው ሁሉ ቢቀር ሂሳቡ አይቁም።

5ኛ እርምጃ፦ ከጥር በፊት አባትን አነጋግሩ

የሠርግ ወር ጥር ነው። ወሬው ግን ኅዳር ላይ ይጀምራል። ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ከመሮጥ ቀድሞ መሄድ ይሻላል። ብቻችሁን አትሂዱ። አባትየው የሚያከብሩትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ የንስሐ አባታቸውን፣ የእድሩን ዳኛ ወይም የልጅቷን አክስት። የልጅቷን የፈተና ወረቀት ያዙ። አቀራረቡ ይህን ይመስላል።

«መምህር፣ ሴት ልጅ ከብረትና ከሲሚንቶ ጋር ብትታገል ምን ይረባታል?»

«ጋሼ፣ ኢንጂነር ብረት አይሸከምም። ብረቱ ስንት እንደሚሸከም ያሰላል። ልጅዎ ደግሞ ስሌት ላይ ማን ይችላታል? ወረቀቷን ይዤልዎት መጥቻለሁ፣ እዩት።»

«እሱስ ደግ ነው። ሰዉ ምን ይላል? እኩዮቿ ተዳሩ እኮ።»

«ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው ጋሼ። ሕጉም ከአሥራ ስምንት በታች አይፈቅድም። እኔ ግን በሕግ ላስፈራራዎ አልመጣሁም። 12ኛን እስክትጨርስ ሁለት ዓመት ቀራት። እነዚህን ሁለት ዓመታት ይስጡኝ።»

በዚህ መልክ ብዙ በር ይከፈታል። አባቶች የሚፈሩት አንድ ነገር አለ፤ ልጃቸው ተምራም ሥራ ሳታገኝ፣ ሳታገባም እንዳትቀር። ይህን ፍርሃት አትናቁት። ያገባችና በሙያዋ የምትሠራ ሴት ታሪክ ከአካባቢው ካለ ንገሯቸው።

እምቢ ካሉና ቀን ከተቆረጠ ሕጉ ግልጽ ነው። ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻ ያስቀጣል። ለርዕሰ መምህሩ፣ ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ቢሮ፣ ካስፈለገም ለፖሊስ አሳውቁ። የነገራችሁ ልጅቷ ራሷ ከሆነች ስሟን ጠብቁላት፤ ማታ የምትመለሰው እዚያው ቤት ነው።

6ኛ እርምጃ፦ ቤት ኪራይና ስንቅ

ከገጠር መጥታ ከተማ የምትማር ልጅ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ቅዳሜ በእግሯ አገር ቤት ሄዳ እሑድ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ሽሮ፣ በርበሬ፣ እንጀራ፣ ዳቦ ቆሎ። ሰኞ ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ «ሰነፍ» የሚላት መምህር ቅዳሜና እሑድ ስንት ሰዓት እንደተጓዘች አያውቅም።

የአንድ ቀበሌ ወላጆች ተስማሙ። በገበያ ቀን አንድ ሰው የሁሉንም ስንቅ ይዞ ይምጣ፤ በየሳምንቱ ተራ ይገባል። ልጆቹ ቅዳሜያቸውን ለቱቶሪያል ያተርፋሉ፤ በመንገድ ላይ ከሚደርስ አደጋም ይጠበቃሉ።

ቤቱን ስትከራዩ እናት ወይም አባት ራሳችሁ እዩት። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? አከራይዋ እዚያው ግቢ ይኖራሉ? ሽንት ቤቱ የት ነው? ማታ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መንገዱ ሰው አለው? ሁለት ሦስት ሆነው ይከራዩ፣ ብቻዋን አትሁን። ዘመድ ቤት የምታስቀምጧት ከሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ብዙ ልጅ «ለትምህርት» ተብላ ሄዳ የቤት ሠራተኛ ሆና ቀርታለች። ዘመዱ ቅር እንዳይለው ተብሎ ዝም ማለት አይገባም። የሥራውንም የጥናቱንም ሰዓት በግልጽ ወስኑ።

ስንቁ ውስጥ ሞዴስ ይጨመር። በወር አበባዋ ምክንያት በየወሩ ሦስት ቀን የምትቀር ልጅ በዓመት ስንት የሂሳብ ክፍለ ጊዜ እንደሚያመልጣት አስቡት። ትምህርት ቤቱም ውሃ ያለበት፣ የሚዘጋ ክፍል ይኑረው፤ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ ወንድ ወላጆችም ይህን ሳያፍሩ ያንሱ።

7ኛ እርምጃ፦ የሚገፉትን ልጆች አትለፏቸው

ይህን ስጽፍ ልቤ ይነካል። ማረሻችንን የቀጠቀጠልን፣ ምጣዳችንን የጠፈጠፈችልን፣ የበዓል ሸማችንን የሠራልን ሰው «ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ የኖረበት አገር ነው። ልጆቹም ያንን ስድብ ክፍል ውስጥ ይሰሙታል። እነዚህ ልጆች ግን ለኢንጂነሪንግ ከማንም በላይ የቀረቡ ናቸው። የቀጥቃጭ ልጅ የጋለ ብረት ቀለሙ ሲለወጥ መቼ እንደሚመታ ከቤቷ ታውቃለች። የሸክላ ሠሪ ልጅ አፈሩ ምን ሲቀላቀልበት እሳት ላይ እንደማይሰነጠቅ አይታለች። ጣና ዳር ያደገች የወይጦ ልጅ የደንገል ታንኳ እንዴት እንደሚንሳፈፍ ታስረዳናለች፤ እኛ ያንኑ በቀመር ነው የምንማረው።

ለመምህራን የምለው ይህ ነው። ስድቡን ስትሰሙ እንዳልሰማ አትለፉ፤ እዚያው አስቁሙት። ትምህርቱን ከእነዚህ ሙያዎች ጋር አገናኙ፤ ስለ ሙቀት ስታስተምሩ ወናፉንና ምድጃውን ጥሩ። የልጁን አባት በእንግድነት ለመጋበዝ ካሰባችሁ ግን ልጁን አስቀድማችሁ ለብቻው ጠይቁት። ያላሰበው ቀን ክፍል ፊት መታየት ሊጎዳው ይችላል። ካልፈለገ ይቅር።

በአዊኛ የመጀመሪያ ደረጃን ተምራ የመጣች ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ታገኘዋለች፤ መምህሩ ሲያብራራ ደግሞ በአማርኛ ነው። ሁለት ቋንቋ በአንዴ መሆኑ ነው። በቡድን ሲሠሩ በአዊኛ ይወያዩ፤ መልሱን ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ያምጡት። የጉሙዝ ልጆችም እንዲሁ። አንድ የቃላት ደብተር ይኑራቸው፤ የሳይንስ ቃሉ በእንግሊዝኛ፣ ትርጉሙ በሚገባቸው ቋንቋ። አካል ጉዳተኛ ተማሪ ያለበት ክፍል ደግሞ ምድር ቤት ይሁን፤ የሙከራው ጠረጴዛ ቁጭ ተብሎ የሚደረስበት ይሁን።

ዩኒቨርሲቲ ምደባ ላይ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለታዳጊ ክልል ተማሪዎች ልዩ ድጋፍ ይደረጋል። የሴቶቹ መሠረቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ነው። ልጅቷ «በሴትነቷ ገባች» ሲሏት አንገቷን እንዳትደፋ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ስትቀዳ የኖረችው ውሃ ነው የተቆጠረላት። ለሸማኔ ወይም ለወይጦ ልጅ ግን በቅጹ ላይ የሚሞላ ሣጥን የለም። እሱን የሚደግፈው መምህሩና ጎረቤቱ ብቻ ነው።

8ኛ እርምጃ፦ የ11ኛ ክፍል ምርጫ

አጭር ነው፤ ግን ወሳኝ። ኢንጂነሪንግ የሚገባው በተፈጥሮ ሳይንስ ነው። ጓደኞቿ ሁሉ ማኅበራዊ ሳይንስ ስለገቡ ብቻ ተከትላ የምትገባ ጎበዝ ልጅ አለች። ከ10ኛ ክፍል ማብቂያ በፊት የሂሳብ መምህሯ፣ ወላጇና እሷ አንድ ላይ ተቀመጡ። ውሳኔው የሷ ነው፤ ግን በጓደኛ ብቻ አይወሰን።

9ኛ እርምጃ፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና

ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሰጥ ቆይቷል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ዙር ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ። ቁጥሩን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ዝግጅቱ ሰኔ ላይ እንደማይጀመር እንድታውቁት ነው። መስከረም ላይ ይጀመር። የበፊት ዓመታት ፈተናዎችን በሰዓት ተገድባ ትሥራ፤ የተሳሳተቻቸውን ብቻ የምትጽፍበት ደብተር ይኑራት። ሚያዝያ ላይ አዲስ ነገር ከመጀመር ያንን ደብተር መከለስ ይበልጣል። በኮምፒውተር የሚፈተኑ ከሆነ ማውዝ መያዝ ከፈተናው በፊት ትልመድ፤ በወረዳው ኮምፒውተር ያለበትን ቦታ ፈልጉላት።

ለብዙዎቹ ከቤት ርቀው ሲያድሩ የመጀመሪያቸው ነው። ሻንጣዋን አብራችሁ አሰናዱ። መታወቂያና የመፈተኛ ካርድ፣ ብርድ ልብስ፣ ሞዴስ፣ የምትወስደው መድኃኒት ካለ። ስልክ ወደ መፈተኛው አይገባም፤ ደህና መግባቷን በማን በኩል እንደምትሰሙ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

50 ካልሞላላት ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። የሪሚዲያል፣ ማለትም 50 ላልሞላላቸው የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ መቁረጫ ነጥብ እስኪወጣ ጠብቁ። ያም ካልሆነ ቴክኒክና ሙያ አለ፤ ኤሌክትሪክ፣ ብየዳ፣ አውቶሞቲቭ፣ ኮንስትራክሽን። በደረጃ እየፈተኑ ወደ ላይ የሚወጡበት መንገድ ነው። በእጅ የሠራ ሰው በኋላ ዲግሪ ሲይዝ ሌላው የማያየውን ያያል።

10ኛ እርምጃ፦ ግቢ ስትገባ

ባሕር ዳር «ፖሊ» የምንለው ግቢ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ነው፤ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኗል። ዩኒቨርሲቲው የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም አለው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ኢንጂነሪንግ ያስተምራል። ትምህርቱ ፍሬሽማንን ጨምሮ 5 ዓመት ነው፤ መጨረሻው ላይ የመውጫ ፈተና አለ።

ዲፓርትመንት የሚመረጠው በፍሬሽማን ውጤት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ቀልድ አይደለም። ምርጫው ሲመጣ «ይህ ለሴት ይቀላል» የሚለውን ምክር አትስሙ። ኢንጂነሪንግ ማለት ሲቪል ብቻም አይደለም። ኤሌክትሪካል፣ ሜካኒካል፣ ኬሚካል፣ የውሃ ሀብት፣ ኮምፒውተር፣ ጨርቃ ጨርቅ አለ። ከላይ በ1ኛው እርምጃ ካየቻቸው ቦታዎች የትኛው ላይ ነበር ብዙ ጥያቄ የጠየቀችው? ከዚያ ጀምሩ። የየዲፓርትመንቱን ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ሴት ተማሪዎች ፈልጋ ምን እንደከበዳቸው ትጠይቃቸው።

ግቢው ውስጥ የሴት ተማሪዎችን ጉዳይ የሚከታተል ቢሮ አለ። የት እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ትወቀው፤ የሚያስቸግራት መምህር ወይም ተማሪ ቢኖር በር የምታንኳኳበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ውጤት ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። አገር ቤት አንደኛ የነበረች ልጅ እዚያ ከመቶ 40 ስታይ «ይህ የእኔ ቦታ አይደለም» ትላለች። ያን ሳምንት ደውሉላት። ውጤቷን ከመጠየቃችሁ በፊት ምን እንደበላች፣ ከማን ጋር እንደምታጠና፣ የሴቶች ቱቶሪያል ምን ቀን እንደሆነ ጠይቋት። ዊዝድሮ (ትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሞልታ ለመምጣት ካሰበች ቅጹ ላይ ከመፈረሟ በፊት ሬጅስትራር ሄዳ መቼ መመለስ እንደምትችልና ምን ወረቀት እንደሚያስፈልጋት ትጠይቅ፤ ሳትጠይቅ ግቢውን ለቃ እንዳትወጣ።